የመኪና ማቀዝቀዣ ጋዝ ከመሙላት በፊት የሚያፈስበትን ቦታ ማወቅ፦ ረጅም ዘመን ያገለገሉ የጭነት ተሽከርካሪዎች ላሏቸው ባለንብረቶችና አሽከርካሪዎች የተዘጋጀ ማብራሪያ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአዋሽ፣ በሚሌና በሰመራ አድርጎ ወደ ጋላፊ የሚወርድ የጭነት መኪና አሽከርካሪ በአንድ ጉዞ ከደጋ ወደ በረሃ ይሸጋገራል። በአፋር ቆላ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው። በዚህ ሙቀት ማቀዝቀዣው የማይሠራ ጋቢና ውስጥ ለሰዓታት መቀመጥ ላብን፣ ድካምንና የሰውነት ፈሳሽ እጥረትን ያስከትላል፤ የአሽከርካሪውንም ንቃት ይቀንሳል። በመሆኑም የጋቢና አየር ማቀዝቀዣ በረጅም የቆላ መስመር ላይ ከምቾት ባሻገር የመንገድ ደኅንነት ጉዳይ ነው።

ረጅም ዘመን ባገለገሉ የጭነት ተሽከርካሪዎች ላይ ማቀዝቀዣው ሥራውን ሲያቆም በአብዛኛው የሚወሰደው እርምጃ ወደ ጋራዥ ሄዶ ጋዝ ማስሞላት ነው። ለጥቂት ሳምንታት ይቀዘቅዛል፤ ከዚያም ይዳከማል፤ ባለንብረቱም ተመልሶ ያስሞላል። ይህ ማብራሪያ የተዘጋጀው ተገልጋዮች ከዚህ ተደጋጋሚ ወጪ እንዲወጡ፣ ከጋራዥ ባለሙያ ምን መጠየቅ እንዳለባቸው እንዲያውቁና ራሳቸውንም አካባቢያቸውንም ከጉዳት እንዲጠብቁ ለማገዝ ነው። ፍሬ ሐሳቡም አንድ ነው፦ ጋዝ መሙላት ብቻውን ጥገና አይደለም፤ ጥገና የሚባለው ጋዙ የሚያፈስበትን ቦታ አግኝቶ መድፈን ነው።

1. ጋዙ ለምን ይቀንሳል?

ናፍጣ በሞተር ውስጥ ተቃጥሎ ያልቃል። የማቀዝቀዣ ጋዝ ግን አይቃጠልም፤ አያልቅምም። ዝግ በሆነ መስመር ውስጥ እየተዘዋወረ ከጋቢናው ሙቀትን ተቀብሎ ወደ ውጭ ያወጣል። ኮምፕረሰሩ ጋዙን ይጨምቀዋል፤ ከራዲያተሩ ፊት ለፊት የሚገኘው ኮንዴንሰር አቀዝቅዞ ወደ ፈሳሽነት ይለውጠዋል፤ እርጥበት መጣጩ ማጣሪያ ውኃና ቆሻሻን ይይዛል፤ ማስፋፊያ ቫልቩ ግፊቱን በድንገት ይቀንሳል፤ ከዳሽቦርዱ ሥር ያለው ኢቫፖሬተር ደግሞ ፈሳሹ ሲተን የጋቢናውን አየር ያቀዘቅዛል። ጋዙም ወደ ኮምፕረሰሩ ይመለሳል።

እንግዲህ መስመሩ ዝግ ከሆነ፣ የጋዙ መጠን የሚቀንሰው የሚወጣበት ቀዳዳ ሲኖር ብቻ ነው። እርግጥ ነው፣ በሞተር ኃይል በቺንጋ የሚዞር ኮምፕረሰር ያለው ማቀዝቀዣ ከላስቲክ ቱቦዎቹና ከኮምፕረሰሩ ዘንግ ማኅተም በኩል በዓመታት ውስጥ እጅግ ጥቂት ጋዝ ማጣቱ የሚጠበቅ ነው። ከአራትና ከአምስት ዓመት በኋላ የተዳከመ ማቀዝቀዣና በሦስት ሳምንት ውስጥ ባዶ የሆነ ማቀዝቀዣ ግን አንድ ዓይነት ችግር የለባቸውም። ስለዚህ ባለንብረቱ ለባለሙያው ሊያቀርብ ከሚችለው መረጃ ሁሉ ይበልጥ ጠቃሚ የሆነው መጨረሻ የተሞላበት ቀንና በግራም የተሞላው መጠን ነው።

ጋዙ ሲያፈስ ብቻውን አይወጣም። ኮምፕረሰሩን የሚያለሰልሰው ዘይት ከጋዙ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚዘዋወር፣ በሚያፈስበት ቦታ ዘይቱም አብሮ ይንጠባጠባል። ጋዙ ሲያንስ ደግሞ ዘይቱን ወደ ኮምፕረሰሩ የሚመልሰው ፍሰት ይዳከማል። ጋዝ ብቻ እየጨመሩ መሄድ ኮምፕረሰሩን ቀስ በቀስ ያለ ዘይት እንዲሠራ ያደርገዋል። መጀመሪያ ላይ አንድ አነስተኛ የላስቲክ ቀለበት በመቀየር ያበቃ የነበረው ችግር በመጨረሻ ኮምፕረሰሩን ሊያስቀይር የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

2. ችግሩ በእርግጥ የጋዝ መፍሰስ ነው?

ማቀዝቀዣ ሁሉ የሚዳከመው ጋዝ ስላነሰው አይደለም። መፍሰሱን መፈለግ ከመጀመሩ በፊት የሚከተሉትን ማረጋገጥ አላስፈላጊ ወጪን ያስቀራል፦

- የኮምፕረሰሩ ቺንጋ አለመላላቱንና አለመበላቱን፤
- ማቀዝቀዣው ሲከፈት የኮምፕረሰሩ ፍሪሲዮን መያዙን፣ ፊውዙና የኤሌክትሪክ ማያያዣው ደኅና መሆኑን፤
- የኮንዴንሰሩ ክንፎች በአቧራ፣ በጭቃ ወይም በነፍሳት አለመደፈናቸውን፣ ፋኑም መዞሩን፤
- የጋቢናው አየር ማጣሪያ አለመዘጋቱንና ነፋሱ በሚገባ መውጣቱን፤
- የማሞቂያው የውኃ መስመር በሚገባ መዘጋቱን።

ብዙ ተሽከርካሪዎች የጋዙ ግፊት በጣም ሲወርድ ኮምፕረሰሩ እንዳይበላሽ የሚያቆም ማብሪያ አላቸው። ይህን ማብሪያ በሽቦ አገናኝቶ ኮምፕረሰሩን በግድ ማሠራት ፈጽሞ መደረግ የሌለበት ተግባር ነው፤ ኮምፕረሰሩን ለማዳን የተሠራውን መከላከያ ማንሣት ነውና።

ከዚህ በኋላ ግፊት በጌጅ ይለካል። እዚህ ላይ ሁለት ጉዳዮችን መገንዘብ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ለሰዓታት ከቆየ በኋላ የሚነበበው ግፊት የሚወሰነው በሙቀት እንጂ በጋዙ ብዛት አይደለም። በመስመሩ ውስጥ ጥቂት ፈሳሽ እስካለ ድረስ ጌጁ ሙሉም ሆነ ግማሽ ቢሆን ተመሳሳይ ቁጥር ያሳያል። በአሁኑ ጊዜ በስፋት በሚሠራበት አር-134ኤ በተባለው ጋዝ፣ በአዲስ አበባ በ20 ዲግሪ ሙቀት ጌጁ ወደ 5 ባር፣ በሰመራ በ35 ዲግሪ ደግሞ ወደ 8 ባር ያሳያል። ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ቁጥር ከተነበበ መስመሩ ባዶ ወደ መሆን ተቃርቧል ማለት ነው። ቁጥሩ ትክክል መሆኑ ግን ጋዙ ሙሉ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ሁለተኛ፣ የጋዙን ትክክለኛ መጠን ለማወቅ ያለው አስተማማኝ መንገድ በማሽን ተስቦ እንዲወጣ አድርጎ በሚዛን መመዘን ነው።

3. በጭነት መኪና ላይ በብዛት የሚያፈሱ ቦታዎች

የጭነት መኪና ከቤት መኪና ይልቅ ይንቀጠቀጣል፤ ብዙ ርቀት ይጓዛል፤ በጠጠርና በአቧራማ መንገድም ይሠራል። ስለሆነም ፍተሻው በሚከተሉት ቦታዎች ላይ ማተኮር ይኖርበታል።

የቱቦ መጋጠሚያዎችና የላስቲክ ቀለበቶች። በየመጋጠሚያው ያሉት ኦሪንጎች ከሙቀት የተነሣ ይደርቃሉ፤ ይሰነጣጠቃሉ። በንቅጥቅጥም መጋጠሚያው ይላላል።

ጋቢናው የሚገለበጥበት ማጠፊያ። ሞተራቸው ከጋቢና ሥር በሆነ የጭነት መኪናዎች ላይ ጋቢናው ለጥገና በተገለበጠ ቁጥር ወደ ኢቫፖሬተር የሚሄዱት ቱቦዎች ይታጠፋሉ። በዓመታት ውስጥ ቱቦው በመታጠፊያው ላይ ወይም በብረት ማሰሪያው ሥር ይሰነጠቃል። ጋቢናው ቀጥ ብሎ ሳለ ስንጥቁ ተዘግቶ ሊሰወር ስለሚችል ይህ ቦታ በሁለቱም ሁኔታ መታየት አለበት።

የኮምፕረሰር ዘንግ ማኅተም። በቺንጋው ጎማ ፊት ለፊት ያለው ፓራኦሊዮ ማቀዝቀዣው ለወራት ሳይሠራ ሲቀር ዘይት ስለማያገኝ ይደርቃል። በደጋ የሚሠሩ ወይም በክረምት ማቀዝቀዣ የማይከፍቱ አሽከርካሪዎች ቢያንስ በየሁለት ሳምንቱ ለ10 ደቂቃ ያህል ቢያሠሩት ማኅተሙ ዕድሜው ይረዝማል።

ኮንዴንሰር። ከመኪናው ፊት ስለሚገኝ የሚፈናጠር ጠጠር ያገኘዋል፤ የታችኛው ጠርዙም በጭቃና በእርጥበት ይበላል።

የጋዝ መሙያ ቫልቮች። የውስጥ አሠራራቸው ከጎማ መንፊያ ቫልቭ ጋር ይመሳሰላል። ክዳናቸው ሲጠፋ አቧራ ገብቶ በትክክል እንዳይዘጉ ያደርጋል። ዋጋው አነስተኛ የሆነው ክዳን ሁለተኛ ማኅተም ሆኖ ያገለግላል፤ ሊጠፋ አይገባም።

ኢቫፖሬተር። ከዳሽቦርዱ ሥር ተሸሽጎ ስለሚገኝ በመጨረሻ ላይ የሚታሰብ ነው። እርጥበትና አቧራ ተጣብቀውበት ስለሚቆዩ ብረቱ ይበላል።

በዚህ አጋጣሚ አንድ የተለመደ ስሕተት መታረም አለበት። ማቀዝቀዣው ሲሠራ ከመኪናው ሥር የሚንጠባጠበው ንጹሕ ውኃ በኢቫፖሬተሩ ላይ ከአየር የተጠራቀመ እርጥበት እንጂ የሚያፈስ ጋዝ አይደለም። ጋዙ ከመስመሩ ሲወጣ ወዲያውኑ ስለሚተን በዓይን አይታይም።

4. የፍተሻው ቅደም ተከተል

ጥሩ ፍተሻ ቀላሉንና ወጪ የሌለውን በማስቀደም ወደ መሣሪያ ይሸጋገራል።

በዓይንና በእጅ መፈተሽ። ሞተሩ ጠፍቶና በርዶ፣ ከኮምፕረሰሩ ተጀምሮ በፍሰቱ አቅጣጫ መስመሩን በሙሉ መከተል ያስፈልጋል። ጋዙ ይዞት የወጣው ዘይት አቧራን ስለሚይዝ፣ በሚያፈሰው መጋጠሚያ ላይ ከሌላው ቦታ የጠቆረና የረጠበ የአቧራ ክምር ይታያል። አሽከርካሪው ራሱ ሊያደርገው የሚችለው ይህ ፍተሻ ብዙ ጊዜ ግማሹን ሥራ ይጨርሳል። ሆኖም የሞተር ዘይት ወይም የመሪ ዘይት ፈስሶ ሊያሳስት ስለሚችል፣ ቦታው ተጠርጎ ከጥቂት ቀናት በኋላ ተመልሶ መታየት አለበት።

የሳሙና አረፋ። በመስመሩ ውስጥ ግፊት እያለ ወፈር ያለ የሳሙና ውኃ በመጋጠሚያዎቹ ላይ በብሩሽ ይቀባል። አረፋ እየተነፋ የሚያድግበት ቦታ ያፈሳል። ይህ ዘዴ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ከፍ ያለ መፍሰስን በትክክል ያሳያል። አነስተኛ መፍሰስን ግን ሊያልፈው ይችላል፤ ለኢቫፖሬተርም አያገለግልም።

የሚያበራ ቀለም። ጥቂት ሚሊ ሊትር ልዩ ቀለም ወደ መስመሩ ገብቶ መኪናው ለቀናት ይሠራል። ከዚያ በጨለማ ቦታ በአልትራቫዮሌት መብራትና በቢጫ መነጽር ሲታይ የሚያፈሰው ቦታ ደማቅ አረንጓዴ ቢጫ ሆኖ ያበራል። ቀለሙ ከኢቫፖሬተሩ የውኃ መውረጃ ቱቦ ጫፍ ላይ ከታየ ኢቫፖሬተሩ ማፍሰሱን ያመለክታል። ለወራት ቀስ እያለ ለሚያፈስ መስመር ይህ ዘዴ ተመራጭ ነው። በቀደሙት ጥገናዎች ቀለም ገብቶ ከነበረ ግን አሮጌው ምልክት አስቀድሞ መጠረግ አለበት።

የኤሌክትሮኒክ መፈለጊያ። መሣሪያው ጋዝ ሲያሸት ድምፅ ያሰማል። አጠቃቀሙ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ሞተሩ መጥፋት፣ ቦታውም ነፋስ የሌለበት መሆን አለበት። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ የመሣሪያው አፍንጫ በመጋጠሚያው ሥር በኩል፣ በሴኮንድ ከ2 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ፍጥነት መዞር ይኖርበታል። በመስመሩ ውስጥ ቢያንስ ወደ 3.5 ባር የሚጠጋ ግፊት ያስፈልጋል። ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ በታች በሚሆንበት ጊዜ ግፊቱ ስለሚወርድ መፍሰሱ ላይገኝ ይችላል። በመሆኑም በደጋ ከተሞች በማለዳ ብርድ ከመፈተሽ ይልቅ መኪናው በፀሐይ ከሞቀ በኋላ መፈተሹ ይመረጣል። ለኢቫፖሬተር ፍተሻ ነፋሹ ለአጭር ጊዜ በከፍተኛ ኃይል ከሠራ በኋላ ይጠፋል፤ ከ10 ደቂቃ ገደማ በኋላ ጋዙ በታችኛው ክፍል ሲጠራቀም አፍንጫው በውኃ መውረጃው ወይም በነፋስ መውጫው በኩል ይገባል፤ ውኃ እንዳይነካው ግን ጥንቃቄ ይደረጋል።

የናይትሮጅን ግፊት። መስመሩ ባዶ ከሆነ የተቀረው ጋዝ ተስቦ ከወጣ በኋላ ደረቅ ናይትሮጅን በግፊት መቆጣጠሪያ በኩል ይሞላል፤ የግፊቱ ጣሪያም አምራቹ ከፈቀደው አያልፍም። ከዚያ በሳሙና አረፋ ይፈተሻል፤ ወይም ጌጁ ለሰዓታት ተዘግቶ ይጠበቃል። ሙቀት ሲለወጥ የናይትሮጅኑም ግፊት እንደሚለወጥ መዘንጋት የለበትም። በማለዳ በ15 ዲግሪ 10 ባር የነበረ ናይትሮጅን በቀትር 35 ዲግሪ ሲደርስ ምንም ሳይጨመርበት ወደ 0.75 ባር ገደማ ከፍ ይላል። ስለዚህ ሁለቱ ንባቦች በተመሳሳይ ሙቀት መወሰድ አለባቸው።

በየትኛውም ዘዴ አንድ የሚያፈስ ቦታ ሲገኝ ፍተሻው አያበቃም። ባረጀ መኪና ላይ ሁለትና ሦስት ቦታዎች በአንድ ጊዜ ሊያፈሱ ስለሚችሉ መስመሩ እስከ መጨረሻው መታየት አለበት።

5. ቫኪዩምና የከፍታ ልዩነት

ብዙ ጋራዦች መስመሩን በቫኪዩም ፓምፕ ባዶ አድርገው ጌጁ ካልተመለሰ «አያፈስም» ይላሉ። ቫኪዩም ማድረግ እርጥበትን ለማስወጣት አስፈላጊ ነው፤ የመፍሰስ ፍተሻ አድርጎ መውሰድ ግን በቂ አይደለም። ምክንያቱም በቫኪዩም ጊዜ በውስጥና በውጭ መካከል ያለው የግፊት ልዩነት ቢበዛ 1 ባር ሲሆን፣ ማቀዝቀዣው በሚሠራበት ጊዜ ግን ከፍተኛ ግፊት ባለው መስመር ከ10 ባር በላይ ይደርሳል። በተጨማሪም በቫኪዩም ጊዜ ማኅተሙ ወደ ውስጥ ስለሚሳብ፣ ወደ ውጭ የሚያፈሰው ቦታ ሊዘጋ ይችላል።

በሀገራችን ደግሞ የከፍታ ጉዳይ አለ። በባሕር ጠለል ላይ ፍጹም ቫኪዩም በጌጅ ላይ 30 ኢንች ሜርኩሪ ገደማ ይነበባል። በአዲስ አበባ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ በመሆኑ ፓምፑ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ጌጁ የሚያሳየው ወደ 23 ኢንች ገደማ ብቻ ነው። በሰመራ ወደ 28 ኢንች ይቀርባል። ይህን ያላስተዋለ ባለሙያ በአዲስ አበባ 23 ኢንች ሲያይ «ፓምፑ ደከመ» ወይም «መስመሩ ያፈሳል» ብሎ ሊደመድም፣ ባለንብረቱም ላልተበላሸ ዕቃ ሊከፍል ይችላል። ተገልጋዮች ይህን ቁጥር ማወቃቸው ተገቢ ጥያቄ ለማንሣት ይረዳቸዋል።

6. መፍሰሱ ከተገኘ በኋላ

መስመሩ ከመከፈቱ በፊት የተቀረው ጋዝ በማሽን ተስቦ ወደ ሲሊንደር መግባት አለበት። የተከፈተው መጋጠሚያ ኦሪንግ በጋዙ ዓይነት ልክ በተሠራ አዲስ ይቀየራል፤ ከመገጠሙም በፊት በማቀዝቀዣ ዘይት ይቀባል። መስመሩ ለረጅም ጊዜ ባዶ ከነበረ ወይም ለአየር ከተጋለጠ እርጥበት መጣጩ ማጣሪያ መቀየር አለበት። ከመስመሩ የወጣው ዘይት መጠን ይተካል። ቀጥሎም መስመሩ ቢያንስ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ቫኪዩም ይደረጋል። ጋዙ የሚሞላው በግምት ወይም በጌጅ ብቻ ሳይሆን አምራቹ በመለያ ጽሑፉ ባስቀመጠው ክብደት፣ በሚዛን ነው። ከልክ በላይ የተሞላ ጋዝም ግፊቱን ከፍ በማድረግ ማቀዝቀዣውን ያዳክማል፤ ኮምፕረሰሩንም ይጎዳል።

ቀዳዳ ይደፍናሉ ተብለው ወደ መስመሩ የሚጨመሩ ማሸጊያ ኬሚካሎች ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የተቀደደ ቱቦንም ሆነ የተበላ ማኅተምን በዘላቂነት አይጠግኑም። ማስፋፊያ ቫልቩንና የጋራዡን ጋዝ መሳቢያ ማሽን ሊደፍኑ ስለሚችሉም ቀጣዩን ጥገና ያከብዱታል።

7. የጋዙን ዓይነት ማወቅ

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ከመድረሱ በፊት የተሠሩ ተሽከርካሪዎች በአብዛኛው አር-12 የተባለውን ጋዝ ይጠቀሙ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት በአብዛኛው አር-134ኤ ይጠቀማሉ። ሁለቱ ጋዞች የሚስማሟቸው ዘይቶች የተለያዩ በመሆናቸው መቀላቀል የለባቸውም። ከአር-12 ወደ አር-134ኤ የተለወጠ መኪና ይህንኑ የሚገልጽ ጽሑፍ በሞተሩ ክፍል ሊለጠፍበት ይገባል። የአር-134ኤ ቅንጣት ከአር-12 ያነሰ በመሆኑ በአሮጌዎቹ ቱቦዎች በኩል ሊሾልክ ይችላል። ስለዚህ በለውጡ ጊዜ ቱቦዎቹና ኦሪንጎቹ ካልተቀየሩ፣ መፍሰሱ የሚታይ ቀዳዳ ሳይኖርም ሊቀጥል ይችላል።

ምንነቱ ያልታወቀ ሲሊንደር ሌላው አደጋ ነው። የማብሰያ ጋዝ በመኪና ማቀዝቀዣ ውስጥ መሙላት በአደጋ ጊዜ በጋቢናው ውስጥ ቃጠሎ ሊያስነሣ ይችላል። በሐሰተኛ ስም የሚሸጥ አር-40 የተባለ ጋዝም ከአሉሚኒየም ጋር ሲገናኝ በአየር ላይ በራሱ የሚቀጣጠል ውሕድ ይፈጥራል። እ.ኤ.አ. በ2011 በዚህ ጋዝ የተበከሉ የመርከብ ማቀዝቀዣ ኮንቴይነሮች ፈንድተው የጥገና ሠራተኞችን ሕይወት ቀጥፈዋል።

8. የደኅንነት ጥንቃቄዎች

- ፈሳሽ አር-134ኤ በከባቢ አየር ግፊት ከዜሮ በታች በ26 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ቆዳንና ዓይንን በቅጽበት ያቃጥላል። መነጽርና ጓንት ሳያደርጉ መጋጠሚያ መፍታት የተከለከለ ተግባር ሊሆን ይገባል።
- ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ በጋራዥ ጉድጓድ ውስጥ ተጠራቅሞ ሊያፍን ይችላል። ቦታው በቂ አየር ሊኖረው ያስፈልጋል።
- በቀድሞው ዘመን አር-12ን ለመፈለግ በእሳት ነበልባል የሚሠራ መሣሪያ ይታወቅ ነበር። ነበልባሉ አር-134ኤን አያሳይም፤ ጋዙ በእሳት ሲነካም መርዛማ ጭስ ይፈጥራል። ስለዚህ ጥቅም ላይ መዋል የለበትም።
- መስመሩን በኦክስጅን መሙላት ከውስጡ ዘይት ጋር ፍንዳታ ያስከትላል። የጎማ መንፊያ አየርም እርጥበት ስለሚያስገባና ከጋዙ ጋር በግፊት ሲቀላቀል ሊቀጣጠል ስለሚችል ለፍተሻ አይውልም።

9. ጉዳዩ ከመኪናው ባለቤት አልፎ የሁላችንም ነው

አር-12 ምድርን ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚከላከለውን የኦዞን ንጣፍ ከሚያሳሱ ጋዞች አንዱ በመሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል መሠረት ምርቱ እንዲቆም ተደርጓል። ኢትዮጵያም የዚህ ስምምነት አባል ሀገር ናት። አር-134ኤ የኦዞን ንጣፍን አይጎዳም፤ ነገር ግን ሙቀት አማቂ ጋዝ ነው። በ100 ዓመት ስሌት አንድ ኪሎ ግራም አር-134ኤ ከ1,430 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር የሚመጣጠን ሙቀት የማፈን አቅም አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 የጸደቀው የኪጋሊ ማሻሻያ የዚህን መሰል ጋዞች ፍጆታ ደረጃ በደረጃ ለመቀነስ የወጣው በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህ በአንድ ጋቢና ሲሰላ ምን ማለት ነው? ማቀዝቀዣው 700 ግራም የሚይዝ መኪና ጋዙን በሙሉ ወደ አየር ቢለቅ፣ ከ1 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር የሚመጣጠን ጉዳት ያስከትላል። ይህም ወደ 370 ሊትር ገደማ ናፍጣ ሲቃጠል ከሚወጣው ጋር ይቀራረባል። በዓመት ሦስት ጊዜ የሚያስሞላ አሽከርካሪ ይህን ሦስት ጊዜ ይለቃል፤ ገንዘቡንም ሦስት ጊዜ ያወጣል።

10. ተገልጋዮች በጋራዥ ሊጠይቋቸው የሚገቡ ጥያቄዎች

በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ወይም ስለሚያገኘው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው። ይህንኑ መብት በመጠቀም ባለንብረቶችና አሽከርካሪዎች ክፍያ ከመፈጸማቸው በፊት የሚከተሉትን እንዲጠይቁ ይመከራል፦

- ጋዙ የሚያፈሰው ከየት ነው? ቦታውን ማየት ይቻላል?
- መፍሰሱ በየትኛው ዘዴ ተረጋገጠ? ሌሎቹ መጋጠሚያዎችስ ታይተዋል?
- በመስመሩ ውስጥ የነበረው ጋዝ ስንት ግራም ነበር? ወደ ሲሊንደርስ ተስቦ ገብቷል?
- የተቀየሩት ዕቃዎች የትኞቹ ናቸው? አሮጌዎቹን መረከብ ይቻላል?
- የተሞላው ጋዝ ዓይነቱ ምንድን ነው? ስንት ግራም? ዘይትስ ተጨምሯል?
- ከጥገናው በኋላ ፍተሻው ተደግሟል?

መልሶቹ በደረሰኙ ላይ ወይም በተሽከርካሪው የጥገና መዝገብ ላይ ከነቀኑ እንዲጻፉ ማድረግ ያስፈልጋል። ከስድስት ወር በኋላ ማቀዝቀዣው ቢዳከም፣ ይህ አንድ መስመር ጽሑፍ የጠፋውን መጠንና የፈጀውን ጊዜ ስለሚያሳይ፣ ቀጣዩ ባለሙያ ሥራውን ከመጀመሪያው እንዳይጀምር ያደርገዋል።

በመጨረሻም፣ ማቀዝቀዣው ሳይጠገን የቆላ ጉዞ ግድ የሚሆንበት ጊዜ ካለ፣ አሽከርካሪዎች በቂ የመጠጥ ውኃ እንዲይዙ፣ ከተቻለ ጉዞውን በማለዳና በምሽት እንዲያደርጉ፣ የራስ ምታት፣ የማዞር ወይም የእንቅልፍ ስሜት ሲሰማቸው ቆመው በጥላ ሥር እንዲያርፉ፣ ረዳቶቻቸውም ይህንኑ ምልክት እንዲከታተሉላቸው እናሳስባለን። ጥገናው እስኪደርስ የሚጠብቅ ጭነት አለ፤ የሰው ሕይወት ግን ምትክ የለውም።